ወለተ ክርስቶስ የተባሉት እንግሊዛዊት፤ የሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ሕይወትና ሥራ

በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር ግቢ፥ ስለ አገራቸው ነፃነት የደከሙ አርበኞች ያረፉበት መካነ መቃብር አለ። ምእመናን ቅዳሴ አስቀድሰው ሲወጡ በአጠገቡ ያልፋሉ። በዚያ ካረፉት መካከል አንዲቱ ከባሕር ማዶ የመጡ እንግሊዛዊት ናቸው። ሕፃን ልጅ የእናቱን ነጠላ ይዞ፥ «ይህች ፈረንጅ በአርበኞች መካከል ለምን ተቀበረች?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መልሱ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ታሪኩ የሚጀምረው ከኢትዮጵያ እጅግ ርቆ፥ የእንግሊዝ ሴቶች በአገራቸው ጉዳይ ድምፅ ለመስጠት መብት ባልነበራቸው ዘመን ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በአውሮፓ የተደረገው ነገር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፏል፤ «ዓ.ም.» የሚል የተጨመረበት ግን የአገራችን አቈጣጠር ነው።

ትውልድና አስተዳደግ

ሚስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት በማንቸስተር ከተማ በሜይ 5 ቀን 1882 ተወለዱ። ሜይ 5 ቀን በአሁኑ ዘመን በኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 27 ላይ ይውላል። ሚያዝያ 27 ቀንን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በ1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር አዲስ አበባ የገባበት፥ በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት በድል የተመለሱበት ቀን ነውና። የዚህች ሴት የልደት ቀን ከኛ የኀዘንና የደስታ ቀን ጋር መግጠሙ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

አባታቸው ዶክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ስመ ጥሩ የሕግ ዐዋቂ ነበሩ። ሴቶች የመምረጥ መብት እንዲያገኙ በ1870 ለእንግሊዝ ፓርላማ የቀረበውን የመጀመሪያውን የሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ለብዙ ዘመን ጸንቶ በኖረው የእንግሊዝ ሕግ፥ ያገባች ሴት ከወላጆቿ ይዛ የመጣችው ሀብት ሁሉ የባሏ ይሆን ነበር። ያገባች ሴት ንብረቷን በስሟ እንድትይዝ የፈቀደው ሕግ የጸናው ሲልቪያ በተወለዱበት በ1882 ሲሆን፥ በዚህም የዶክተር ፓንክኸርስት ድካም አለበት። ርስትን ከአባትም ከእናትም ወገን እየቈጠረ ለሴት ልጅም ሲያካፍል ለኖረው ለኛ አገር ሰው፥ የሠለጠነች በምትባል አገር እንዲህ ያለ ሕግ እስከዚያ ዘመን መቈየቱ እንግዳ ነገር ሳይሆንበት አይቀርም።

እኚህ አባት ልጆቻቸውን ዘወትር፥ ለሌላው ሰው ካልሠራችሁ እናንተን ለማሳደግ የደከምሁት ድካም ከንቱ ነው እያሉ ይመክሯቸው ነበር። ነገር ግን በ1898 በድንገት ታመው ዐረፉ። በዚያን ጊዜ እናታቸው ወይዘሮ ኤመሊን ከታላቂቱ ልጃቸው ከክሪስታቤል ጋር ወደ ውጭ አገር ሄደው ስለ ነበር፥ በአባታቸው አልጋ አጠገብ የነበሩት የ16 ዓመቷ ሲልቪያ ነበሩ። የአባታቸው ቃል እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከልባቸው አልጠፋም።

ወይዘሮ ኤመሊንም መበለት ሆነው ልጆቻቸውን ለማሳደግ በማንቸስተር የልደትና የሞት መዝጋቢ ሆኑ። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ፥ ገና 13 ዓመት የሆናቸው ልጃገረዶች የወለዱትን ሕፃን ለማስመዝገብ ሲመጡ ያዩ ነበር። እነዚህን ልጆች የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ ሴቶች ሕግ አውጪዎቹን የመምረጥ ሥልጣን ሊኖራቸው ይገባል የሚለው አሳብ በወይዘሮ ኤመሊን ልብ የጸናው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ሴቶች ጥያቄ ከወንድ ጋር የመፎካከር ምኞት ብቻ አልነበረም፤ የሕፃናትና የእናቶች ጩኸት ነበረ።

ከሥዕል ወደ ትግል

ሲልቪያ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሥዕል ተሰጥዎ ነበራቸው። በማንቸስተር የሥዕል ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በሽልማት ባገኙት ገንዘብ በ1902 ወደ ቬኒስ ሄደው ተማሩ፤ በ1904 ደግሞ በለንደን ወደሚገኘው ንጉሣዊ የሥዕል ኮሌጅ ገቡ።

በዚህ መካከል አንድ ነገር ሆነ። በማንቸስተር አጠገብ በሳልፎርድ በአባታቸው ስም መታሰቢያ አዳራሽ ተሠርቶ ነበርና፥ ግድግዳውን በሥዕል እንዲያስጌጡ ሲልቪያን ለመኗቸው። እሳቸውም በደስታ ሠሩት። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን በአዳራሹ የሚሰበሰበው የፖለቲካ ማኅበር ሴቶችን በአባልነት እንደማይቀበል ታወቀ። ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሴቶች መብት ሲሟገት በኖረ ሰው ስም የተሠራ ቤት ለገዛ ልጁ ተዘጋ። እናትየውም በዚህ እጅግ አዝነው፥ በኦክቶበር 10 ቀን 1903 በመኖሪያ ቤታቸው ጥቂት ሴቶችን ሰብስበው የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። መመሪያቸውም ከቃል ይልቅ ተግባር የሚል ነበረ።

ሲልቪያ የማኅበሩን ዓርማዎች፥ ባንዲራዎችና ሥዕሎች አዘጋጁ። በ1907 ደግሞ በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ እየተዘዋወሩ ሠራተኞች ሴቶችን በሥራቸው ላይ እንዳሉ ሣሉ። በክሬድሊ ሂዝ በእሳት አጠገብ ቆመው ሰንሰለት የሚቀጠቅጡትን፥ በሸክላ ፋብሪካ የሚሠሩትን፥ በግላስጎ በጥጥ መፍተያ ወፍጮዎች ሙቀት ውስጥ የሚውሉትን ሴቶች በቀለም አስቀሩ። እነዚህ ሥዕሎች ዛሬም በክብር ይጠበቃሉ። ይሁን እንጂ ሥዕል ሠሪዋ፥ ይህ ሁሉ ሰው እየተቸገረ እኔ በቀለምና በብሩሽ ልቀመጥን? የሚል ጥያቄ ዕረፍት ነሣቸው። በመጨረሻም ብሩሹን አስቀመጡት።

ወኅኒ ቤትና ረኀብ

በመጀመሪያ የታሰሩት በ1906 ነበረ። ከዚያ በኋላ የእስራቱ ነገር እየበረታ ሄደ። የታሰሩት ሴቶች እንደ ፖለቲካ እስረኞች እንዲቈጠሩ ጠይቀው ስለ ተከለከሉ እህል አንቀምስም አሉ። መንግሥትም እንዳይሞቱበት ፈርቶ በግድ ማብላት ጀመረ። በ1913 ሲልቪያ በለንደን ሆሎዌይ ወኅኒ ቤት ሳሉ፥ ጠባቂዎች እጅና እግራቸውን ይዘው፥ አፋቸውን በብረት ፈልቅቀው፥ የጎማ ቧንቧ በጉሮሯቸው እያስገቡ ምግብ ያፈሱባቸው ነበር። ይህም በየቀኑ ለሳምንታት ቈየ። በመጨረሻ ምግብም ውኃም እንቅልፍም ትተው፥ ሰውነታቸው እስኪዝል ድረስ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ሌሊትና ቀን ሲመላለሱ ቈዩና ተፈቱ።

በዚያው ዓመት መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ። የተራበችው እስረኛ ስትደክም ትለቀቃለች፤ በቤቷ ጥቂት ስታገግም እንደ ገና ተይዛ ትገባለች። ሕዝቡ ይህን ሕግ «የድመትና የአይጥ ሕግ» ብሎ ጠራው። ሲልቪያ በዚህ ሕግ ደጋግመው ታሰሩ፥ ደጋግመውም ተፈቱ።

ከማኅበሩ አባሎች አንዳንዶቹ መስኮት እስከ መስበርና ባዶ ቤት እስከ ማቃጠል ደርሰው ነበር። ሲልቪያም መስኮት በመስበር ታስረዋል፤ ሆኖም በስውር የሚደረገውን ማቃጠል አልወደዱትም። የእሳቸው አሳብ ድኾች ሴቶችን በብዛት አስተባብሮ በግልጽ መታገል ነበረ። ስለዚህ የወደብ ሠራተኞችና ድኾች በሚኖሩበት በለንደን ምሥራቅ ክፍል ቤት ይዘው ከነሱ ጋር ተቀመጡ።

ይህም ከቤተሰባቸው ጋር አለያያቸው። በጃንዋሪ 1914 እኅታቸው ክሪስታቤል ከተሸሸጉበት ከፓሪስ አስጠርተው፥ ማኅበሩ የሚፈልገው ጠንካሮቹን ነው፤ የድኾች ሴቶች ክፍል ደካማ ነውና ከኛ ተለይ የሚል ቃል ነገሯቸው። እናትየውም በዚሁ ተስማሙ። ሲልቪያ ከእናታቸው ማኅበር ወጡ፤ ድኾቹን ግን አልተዉም። በዚያው ዓመት በማርች ወር ሠራተኞች ሴቶች ራሳቸው የሚጽፉበት ጋዜጣ አቋቋሙ።

በጁን 1914 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አስክዊዝ የምሥራቅ ለንደን ሴቶችን አላነጋግርም ባሉ ጊዜ፥ ሲልቪያ ከወኅኒ ቤት በረኀብ ደክመው እንደ ወጡ በሰው ትከሻ ተሸክመዋቸው በፓርላማው በር ላይ ተጋደሙ። ሴቶቹን እስኪቀበሉ ድረስ ከዚህ አልነሣም፥ እህልም አልቀምስም አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተሸንፈው ስድስት ሠራተኞች ሴቶችን ለመቀበል እሺ አሉ፤ ሴቶቹም በጁን 20 ቀን ገብተው ስለ ኑሯቸው በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ። በወንጌል ዳኛውን እየደጋገመች በመለመን ፍርድ ያገኘችውን መበለት የሚያስብ ሰው ይህን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል።

የጦርነት ዘመንና የእናቶች ቤት

ወዲያው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እናታቸውና እኅታቸው ለጦርነቱ ሲሰብኩ ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወሙ። ባሎቻቸው የዘመቱባቸው ሴቶች የሚሰጣቸው ገንዘብ ይዘገይ፥ የእህልና የወተት ዋጋ ይንር ነበርና፥ ሲልቪያና ጓደኞቻቸው ምግብ በወጣበት ዋጋ ብቻ የሚሸጡ ምግብ ቤቶችን ከፈቱ፤ ሥራ ላጡ ሴቶችም የአሻንጉሊት ፋብሪካ አቋቋሙ። በጠመንጃ ሠሪዎች ስም ይጠራ የነበረውን አንድ የመጠጥ ቤት ተከራይተው የሕፃናት ማዋያና ሐኪም ቤት አደረጉት፤ ስሙንም ለውጠው «የእናቶች ክንድ» አሉት። መጠጥ ይቀዳበት በነበረው ቤት ለሕፃናት ወተት ታደለ።

በ1918 ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ የሆኑና ሕጉ የወሰነውን የንብረት ደረጃ የሚያሟሉ ሴቶች የመምረጥ መብት አገኙ። ከወንዶች ጋር በትክክል ከ21 ዓመት ጀምሮ እንዲመርጡ የተፈቀደው ግን በ1928 ነው።

ሲልቪያ ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የኮሙኒስቶችን አሳብ ተከትለው በ1920 ወደ ሞስኮ ሄዱ። ነገር ግን ፓርቲው ጋዜጣቸውን እንዲያስረክቡ ባዘዛቸው ጊዜ ኅሊናዬን ለማንም አላስረክብም ብለው እንቢ ስላሉ በ1921 ተባረሩ።

ይህ መጽሔት ለክርስቲያን ቤተሰብ የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ የሕይወታቸውን ሌላ ክፍል ሸሽጎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። ሚስ ሲልቪያ ሲልቪዮ ኮርዮ ከሚባሉ ኢጣልያዊ ስደተኛ ጋር ያለ ሥርዓተ ጋብቻ ኖሩ፤ በ1927 ወንድ ልጅ ወለዱ። ይህ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የሚመሰገን አይደለም። እናታቸው ወይዘሮ ኤመሊንም በዚህ ተቈጥተው ሊያዩዋቸው አልፈቀዱም። በጁን 1928 የሴቶች የመምረጥ መብት ሙሉ ሆኖ ሊጸና ጥቂት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ኤመሊን ዐረፉ። እናትና ልጅ ለአንድ ዓላማ ታስረው፥ ለአንድ ዓላማ ተርበው፥ ሳይታረቁ ተለያዩ።

የኢትዮጵያ ጠበቃ

ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ሲልቪያ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸው በዉድፎርድ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ብዙ የአውሮፓ ሰው ነገሩን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሲሰማው፥ እሳቸው ግን የጦርነት ዋዜማ መሆኑን ዐወቁ። በሜይ 1936 የጠላት ጦር አዲስ አበባ በገባበት ሰሞን «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። ሌሎች የኢትዮጵያ ነገር አለቀለት ሲሉ እሳቸው ገና አልተጀመረም ያሉ ያህል ነበረ። ጋዜጣው 20 ዓመት ኖረ።

ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ለንደን በስደት በደረሱ ጊዜ በባቡር ጣቢያ ተገኝተው ከተቀበሏቸው አንዷ ሚስ ሲልቪያ ናቸው። በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ከነበሩት ከሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ጋርም አብረው ሠሩ። ጋዜጣቸው ስለ መርዝ ጋዙ፥ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ስለ ተፈጸመው ጭፍጨፋ፥ በየዱሩ ስለሚዋጉት አርበኞችም ለዓለም አሰማ። ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ያላቸው ብዕርና ትዕግሥት ብቻ ነበረ። ለሚኒስትሮች፥ ለፓርላማ አባሎችና ለጋዜጦች የጻፉት ደብዳቤ ስፍር ቍጥር የለውም። በሆሎዌይ ወኅኒ ቤት የተማሩት አለመሰልቸት አሁን ለኛ ሕዝብ ጥቅም ዋለ።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላም አላረፉም። የገዛ አገራቸው የእንግሊዝ መንግሥት በኦጋዴን የያዘውን አስተዳደር እንዲለቅ ሞገቱት። በኤርትራ የወደብ ሕንፃዎች ሲፈርሱም አይተው በ1952 መጽሐፍ ጻፉበት። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድም ይደግፉ ነበር፤ የዚያ ነገር ታሪክ በኋላ ዘመን ሌላ መንገድ ሄዷል።

የልዕልት ፀሐይ ሐኪም ቤት

ከንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ መካከል ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳሉ በለንደን የሕፃናት ሐኪም ቤት የአስታማሚነት ሙያ ተምረው ነበር። የንጉሥ ልጅ የድኻ ሕፃን ቍስል ማጠባቸው የእንግሊዝን ሕዝብ ልብ ነካው። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሐኪም ቤት ለማቋቋም ይመኙ ነበር። ነገር ግን በነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም በነቀምት በ22 ዓመታቸው ዐረፉ።

ሚስ ሲልቪያ የልዕልቲቱ ምኞት ከእሳቸው ጋር እንዳይቀበር ብለው በእንግሊዝ አገር ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር አስነሡ፤ ራሳቸውም ጸሐፊ ሆነው ዓመታት ደከሙ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሐኪም ቤት በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚባለው እሱ ነው። በምሥራቅ ለንደን የመጠጥ ቤቱን ለሕፃናት ማሳደጊያ ያደረጉት እጆች፥ በአዲስ አበባም ለእናቶችና ለሕመምተኞች ቤት ሠሩ። የሴቶችን መብት ከምርጫ ካርድ ጋር ብቻ ለሚያያይዝ ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

በኢትዮጵያ መኖራቸውና ዕረፍታቸው

ኢትዮጵያን በመጀመሪያ ያዩት በ1944 ነው። በ1955 የኢትዮጵያን ታሪክና ባህል የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1956 በንጉሠ ነገሥቱ ግብዣ፥ ዕድሜያቸው 74 ሲሆን፥ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ለዘለቄታው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ሌላው ሰው በሚያርፍበት ዕድሜ እሳቸው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» የተባለ ወርኃዊ መጽሔት ጀመሩ፤ ስለ ትምህርት ቤቶች፥ ስለ ሐኪም ቤቶች፥ ስለ አብያተ ክርስቲያናት፥ ስለ ኢትዮጵያ ሴቶችም ጻፉበት። በ1957 በተደረገው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ ሆነው ሲገቡ ሚስ ሲልቪያ አዲስ አበባ ነበሩ። በፓርላማ በር ላይ በረኀብ ለተጋደሙት ሴት፥ ኢትዮጵያዊት በፓርላማ ወንበር ላይ ስትቀመጥ መስማት ምን ያህል ደስታ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

በመስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ቀን በ78 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት በታላቅ ክብር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሥርዓተ ቀብራቸው ሲፈጸም «ወለተ ክርስቶስ» የሚል ስም ተሰጣቸው። በወጣትነታቸው ከሃይማኖት ርቀው የነበሩት ሴት የክርስቶስ ልጅ ተብለው ወደ ዐፈር ገቡ። ሞዓባዊቷ ሩት የባዕድን ሕዝብ ሕዝቧ እንዳደረገች፥ እሳቸውም የኛን ሕዝብ ሕዝባቸው አደረጉ። ልጃቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ደግሞ ዕድሜያቸውን ለኢትዮጵያ ታሪክ ጥናት ሰጥተው፥ የአክሱም ሐውልት ከሮም እንዲመለስም ከታገሉት አንዱ ሆነው፥ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በዚያው ካቴድራል ተቀበሩ።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማር?

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ስንዴም እንክርዳድም ይገኛል። በሚስ ሲልቪያ ሕይወት የማንከተለው ነገር አለ፤ ልንከተለው የሚገባውም ብዙ ነው።

በመጀመሪያ፥ አባት ለሴት ልጁ የሚናገረው ቃል ከንቱ አይቀርም። ዶክተር ፓንክኸርስት የመጀመሪያውን የሕግ ረቂቅ ጽፈው የፍሬውን መከር ሳያዩ ዐረፉ፤ ነገር ግን በማዕድ ዙሪያ የተናገሩት ምክር ከ38 ዓመት በኋላ እስከ ኢትዮጵያ ደረሰ። በየቤታችን ወንዱን ልጅ «ተማር» ሴቷን ግን «ውኃ ቅጂ» የምንል ከሆነ፥ ምን እየዘራን እንደ ሆነ እናስብ።

ሁለተኛ፥ ለራስ መብት የሚታገል ሰው የሌላውን መብት እንዳይረሳ። ሚስ ሲልቪያ ስለ ሴቶች ሲናገሩ ድኻይቱን፥ ስለ እንግሊዝ ክብር ሲናገሩ የተወረረችውን ኢትዮጵያን አልረሱም። በቤታችን የምታገለግለው ልጅ የማታ ትምህርት ቤት ለመሄድ ፈቃድ ስትለምን፥ መልሳችን ምን ዓይነት ክርስቲያኖች መሆናችንን ይገልጣል።

ሦስተኛው ለቤተሰብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልግ ነው። በ1953 ሚስ ሲልቪያ በልብ ሕመም በታመሙ ጊዜ፥ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት ከማኅበሩ ያስወጧቸው እኅታቸው ክሪስታቤል የፍቅር ደብዳቤ ጻፉላቸው። እኅትማማቾቹ በብዕርም ቢሆን ተገናኙ። ከእናታቸው ጋር ግን ሞት ቀድሞ ስለ ለያያቸው ያ ዕድል አልተገኘም። ነገሥታትንና ሚኒስትሮችን ያሸነፈ ትዕግሥት በአንድ ቤት ውስጥ የተዘጋውን በር ሳይከፍት ቀረ። እንግዲህ ከወላጁ ወይም ከልጁ ጋር የተቀያየመ አንባቢ ካለ፥ የንስሐ አባቱን ይዞ ለዕርቅ ይነሣ። የሚጠብቀው ሰው ገና በሕይወት ሳለ ይሂድ።